ሻጋታ ያልደረሰበት ክፍል፦ በዝናብ ደን ዳር የቆመ የምርምር ሕንፃ፣ 14 ወር ከሠራሁበት በኋላ

የገባሁ ቀን ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ትንሿን የእርጥበት መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። 94 በመቶ አለች። ከዚያ ይዣት ወደ ናሙና ክፍሉ ገባሁ። ክፍሉ ሁለት በር አለው። አንዱ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። መደርደሪያ ላይ አኖርኳትና ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። 48 በመቶ። ብቻዬን ቆሜ ፈገግ አልኩ።

ቁጥር አይቶ መደሰት ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ የዕፅዋት ናሙና አዘጋጅ ነኝ። ተመራማሪዎች ከጫካ የሚያመጡትን ቅጠል፣ አበባና ፍሬ እጫናለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ፣ መዝግቤ አስቀምጣለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቤት እንደ ሣጥን የተዘጋ ኮንክሪት ነበር። መስኮቱ አይከፈትም። በየክፍሉ ኤሲ አለ። አንድ የዝናብ ወቅት መብራት ለአራት ቀን ጠፋ። ጀነሬተሩ በመጀመሪያው ሌሊት ቀጥ አለ። እርጥቡ አየር ቀስ እያለ ገባ፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆነ፣ ውሃው ወደ ካርቶኖቹ ወረደ። በአምስተኛው ቀን ካቢኔቱን ስከፍት 140 ያህል ናሙናዎች ግራጫ ፀጉር አብቅለው አገኘኋቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዱን ለመሰብሰብ ስድስት ቀን በእግር ተጉዘን ነበር። ዛፉ የነበረበት ቦታ ዛሬ ተመንጥሯል። ተመልሶ የሚሰበሰብ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የምርምር ሕንፃ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ስለዚያ ካቢኔት ነው። ይኼኛውን ቤት ለ14 ወር፣ ሁለት ሙሉ የዝናብ ወቅት ኖሬበታለሁ ማለት እችላለሁ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙን አልጠራም። አርክቴክት አይደለሁም። የማውቀው ውስጡ ሆኖ መሥራት ምን እንደሚመስል ነው። ተመሳሳይ ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ ቢያነቡት ብዬ ነው የምጽፈው። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን ለምን እንደያዝኩ ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ቤቱ ሦስት ረጃጅም ክንፎች አሉት። ሦስቱም ከመሬት በሰው ቁመት ልክ ከፍ ብለው ምሰሶ ላይ ቆመዋል። የሚያገናኛቸው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ነው። ግድግዳ የለውም፣ የእጅ መደገፊያ ብቻ። ቦታው ቀድሞ ተመንጥሮ ሣር የበቀለበት ነበር፤ ለዚህ ቤት ተብሎ የተቆረጠ ትልቅ ዛፍ የለም። ምሰሶ ላይ መቆሙን መጀመሪያ ለውበት መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ገባኝ። ጎርፉ ከሥራችን አለፈ። ወለሉም ደረቅ ሆኖ ዋለ። በዚያ ላይ ኮንክሪት የፈሰሰው ምሰሶዎቹ ሥር ብቻ ነው። ሲሚንቶ ብቻውን በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ደን ስለሚያከማቸው ካርቦን የሚጠናበት ቤት ወለሉን በሙሉ በኮንክሪት ቢሞላ ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር።

ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ናት። ያንን ጣሪያው ይችለዋል። የምታስቸግረው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል በቀጥታ ትገባለች። የጣሪያው ጠርዝ ምንም ቢረዝም አያግዳትም። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዞሯል። በጠባቦቹ ጫፎች ላይ መስኮት የለም። እዚያ ያለው ደረጃ፣ መጸዳጃና ዕቃ ቤት ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ሁለት ሜትር ገደማ ይወጣል። ዝናብ እየወረደ መስኮቴን ከፍቼ ስሠራ ከርሜያለሁ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ምዕራብ ምዕራቡን በሙሉ መስታወት አድርጎ ከዚያ ሙቀቱን በኤሲ የሚታገል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ቤት የነደፈው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ የትኛው ሥራ ነው ደረቅ አየር የሚፈልገው? መልሱን ተከትሎ ነው ክንፎቹን የከፈላቸው። የመጀመሪያው ክንፍ የሰው ነው። ቢሮ፣ መሰብሰቢያ፣ መጻፊያ። መስኮቱ የወባ ትንኝ የሚከለክል ወንፊት ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፤ ነፋስ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁለተኛው ክንፍ የጭቃ ነው። አፈር የሚነፋበት፣ ሥር የሚታጠብበት፣ ዘር የሚበቅልበት። ወገቡ ድረስ ብቻ ነው ግድግዳ ያለው። ሦስተኛው የተዘጋው ነው። ናሙና ክፍል፣ ሚዛንና መሣሪያ ክፍል፣ ፍሪዘር፣ ኬሚካል። በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ኤሲ ያለው ቦታ ከጠቅላላው ወለል ከአምስት እጅ አንዱን አይሞላም።

ሰው 29 ዲግሪ ላይ በማራገቢያ ሥር ሸሚዙን ፈታ አድርጎ መሥራት ይችላል። ሚዛን አይችልም። ደረቅ ቅጠል አይችልም። ይኼን ልዩነት አውቆ የተሠራ ቤት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የናሙና ክፍሉ ቤት ውስጥ ያለ ቤት ነው። ከአራቱ ግድግዳዎቹ አንዱም ዝናብም ፀሐይም አይነካውም። ዙሪያውን ኮሪደር ይከበዋል። ግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ሽፋን አለ። እንፋሎት የሚከለክለው ፕላስቲክ ደግሞ ከውጪ በኩል ነው የተለጠፈው። በብርድ አገር ይህ ፕላስቲክ ከውስጥ በኩል ነው የሚገባው፤ እዚያ እርጥበት የሚገፋው ከሞቀው ክፍል ወደ ውጪ ነውና። በዝናብ ደን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እርጥበት ከውጪ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገፋል። የብርድ አገሩን ፕላን እንዳለ ገልብጦ የሠራ ሰው ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የድሮው ቤቴ ግድግዳ ለምን ሁልጊዜ እንደሚልም የተረዳሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ሌላው ብልህነት ማቀዝቀዝና ማድረቅ መለየታቸው ነው። ኤሲ አየር የሚያደርቀው እያቀዘቀዘ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ክፍሉ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እርጥበቱም ወዲያው ማንሰራራት ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ ሙቀቱን የበለጠ ይቀንሳል። ክፍሉ ይበርዳል፣ ግን አይደርቅም፣ የመብራቱም ፍጆታ ይጨምራል። እዚህ ለማድረቅ ብቻ የቆመ እርጥበት መጣጭ ማሽን አለ። ክፍሉ 22 ዲግሪ ላይ ተመችቶት ይውላል። ሻጋታ የሚነሣው አንጻራዊ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሲከርም ነው። እኛ ከ40 እስከ 55 ባለው መሃል እንጠብቃለን። በሁለተኛው የዝናብ ወቅት መብራት ለ31 ሰዓት ጠፍቶ፣ የሶላሩ ባትሪም ለጥገና ወርዶ ነበር። በሩን ቆልፈን ማንም እንዳይገባ አደረግን። ስንከፍተው 57 በመቶ ነበር። አንድም ወረቀት አልላመም። ያን ቀን የድሮዎቹ 140 ናሙናዎች ትዝ አሉኝና ሆዴ ተላወሰ።

ከጫካ የመጣ ነገር በቀጥታ ወደዚህ ክፍል አይገባም። መጀመሪያ አጠገቡ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ይቆያል። ደረቅ ናሙና የሚበሉ ጢንዚዛዎች እንቁላላቸውን ይዘው የሚገቡት በአዲስ ዕቃ ነው። ያቺ ጠባብ ክፍል ከሁለቱ በሮች በፊት መሆኗ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ፍሪዘሩ እዚያው ናሙናዎቹ መሃል ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ያኔ ጢንዚዛዋ ከመቀዝቀዟ በፊት ጎረቤት ትጎበኛለች።

የወደድኩት ክፍል ግን ሌላ ነው። ማድረቂያው። ቅጠልና አፈር ለዘረመል ምርመራ የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ፍሪዘሮች ብዙ መብራት ይበላሉ፤ አንዱ ብቻውን በቀን እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ መብራት መጨረሻው ሙቀት ነው። በብዙ ላብራቶሪ ሙቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቀቅና ኤሲው ደግሞ እሱን ለማስወጣት ይደክማል። እዚህ ግን ከፍሪዘሮቹ ጀርባ የሚወጣው ሙቅ አየር በቱቦ ወደ ማድረቂያ ክፍሉ ይሄዳል። 26 ዲግሪ ላይ 90 በመቶ እርጥበት ያለውን አየር ወደ 36 ዲግሪ ብታሞቁት፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይወጣለት አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ይህ ለጋዜጣ መሃል ለተጫነ ቅጠል ግሩም አየር ነው። ሁለት ቀን እዚያ ካቆየሁት በኋላ የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ውስጥ የማስገባው ለማጠናቀቂያ ብቻ ነው። ወፍራም ፍሬና የዘንባባ ቅጠል ሲመጣ ብቻ ነው ረጅም ሰዓት የሚያስፈልገኝ።

የትልልቆቹን ፍሪዘሮች ሙቀትም ከዜሮ በታች ከ80 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ መልሰውታል። ለአብዛኛው ናሙና ለውጥ የለውም። ፍጆታው ግን ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ይህ የሕንፃ ጉዳይ አይደለም ትሉ ይሆናል። ነው። ባትሪው ስንት መሆን እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ነው።

ፊውም ሁድ የሚባለው፣ መርዛማ ትነት የሚስበው ባለ መስታወት ሣጥን፣ ሁለት ብቻ ነው ያለው። አንዳንድ ተመራማሪዎች አነሰን ይላሉ። እኔ ከቤቱ ጎን ነኝ። ሒሳቡን እንይ። አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ክፍት አፍ፣ አየሩን በሰከንድ ግማሽ ሜትር ሲስብ በሰዓት ከ1,300 ኩብ ሜትር በላይ አየር ወደ ውጪ ይጥላል። ያ አየር ቀዝቅዞና ደርቆ የነበረ ነው። በምትኩ የሚገባው የጫካ አየር ነው። እሱን ወደ ክፍሉ ደረቅነት ለማውረድ በየሰዓቱ ከ15 ሊትር በላይ ውሃ ከውስጡ መውጣት አለበት። በአንድ ሁድ ብቻ! ስለዚህ እዚህ መስታወቱ ሰው ዘወር ሲል ራሱ ይዘጋል። ማጣሪያና ማጠቢያ የመሳሰለው ኬሚካል የሌለው ሥራ ሁሉ ወደ ጭቃው ክንፍ ተወስዷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? ደን በሦስት ዓመት ፕሮጀክት ስለማይጠና ነው። ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ የሚባል ደሴት አለ። እዚያ በ50 ሄክታር ላይ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ግንድ ያለው ተክል ሁሉ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይለካል። ከብራዚሏ ማናውስ በስተሰሜን ደግሞ ደን ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ በ1979 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ዛሬም አለ። ለመሆኑ የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ዛሬ ባይኖር በምን ይነጻጸራል? በደንብ የደረቀና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ተክል ዕድሜው ከሰው ይበልጣል። ካርል ሊኔየስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የያዛቸው ናሙናዎች ለንደን ውስጥ እስካሁን ይነበባሉ። ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሶላር ፓነልና ጣሪያ ላይ የተተከለ አበባ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቅጠል ስንት ዓመት ትቆያለች፣ ለዚያስ ስንት መብራት ያስፈልጋል ብዬ ነው የምጠይቀው።

በነገራችን ላይ ጣሪያው ላይ ምንም አልተተከለም። ጥሩ አደረጉ። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ 40 ሜትር ዛፍ ቆሟል። ጣሪያው ሥራው ውሃ ማፍሰስ ነው። ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው፣ ቅጠል አያርፍበትም። አሸንዳው ክንድ የሚያስገባ ሰፊ ነው፤ መሰላል ሳያስፈልግ ከበረንዳው ጫፍ ቆሞ ማጽዳት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 4,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ 2 ሚሊዮን ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚወርደው፣ የወፍ ኩስና አቧራ ያጠበው ውሃ፣ ለብቻው ይጣላል። የቀረው ወደ ታንከር። ሥር የምናጥበው፣ ሽንት ቤት የምናወርደው በሱ ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድኑ አነስተኛ ስለሆነ ለላብራቶሪ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ለማጣራትም ይቀላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መሰብሰቢያ አዳራሹ ከዚያው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፣ ድምፅ የሚውጥ ነገር ግን ኮርኒሱ ውስጥ አላስገቡም። ዝናብ ሲጀምር ንግግር ያበቃል። አንዲት ልጅ የዶክትሬት ጥናቷን እያቀረበች ዝናቡ መጣ። 40 ደቂቃ ቁጭ ብለን ተያየን። ልጅቷ ወረቀቷን በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች። በዝናብ ደን ውስጥ ዝናብ ያልታሰበበት ክፍል መኖሩ ያናድዳል። ማስተካከያው ደግሞ ቀላል ነው፤ ቆርቆሮው ሥር ወፍራም የእንጨት ጭረት ሰሌዳ ማስገባት። እስክወጣ ድረስ አልተደረገም።

እንጨቱን በተመለከተ የማመሰግንበት ብዙ ነው። ምሰሶዎቹ በማጣበቂያ የተደራረቡ የእንጨት ሳንቃዎች ናቸው። የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ቤቱ እስከቆመ ድረስ ያ ካርቦን እዚያው ተቀምጧል። ዋናው ነገር ግን እንጨቱ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበሰብስም። ስለዚህ አንዱም ምሰሶ መሬት አይነካም። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ የብረት ጫማ ላይ ነው የቆመው። ይህ ለምስጥም መልስ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አትወድም። ለመውጣት የጭቃ መሿለኪያ መሥራት አለባት፣ ባዶ ብረት ላይ ስትሠራው ደግሞ ትታያለች። የጥገናው ሠራተኛ በየሰኞው የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ይዞራሉ። ሁለት ጊዜ አግኝተው ጠርገዋል። መድኃኒት አልተረጨም። ቧንቧ ወለሉን በሚበሳበት ቦታ ሁሉ ምስጥ የማታልፍበት የማይዝግ ብረት ወንፊት አለ። የበሰበሰ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመተላለፊያው እጅ መደገፊያ ጫፍ። የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ ክዳን ሳይደረግለት ለዝናብ ተጋልጦ ቀርቶ ነበር።

ስለ መብራቱ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ሶላር ፓነሎቹ ዛፍ በማያጠላበት ሜዳ ላይ፣ ዝናብ እንዲያጥባቸው ዘንበል ብለው ተተክለዋል። እንደዚያም ሆኖ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅላሉ፤ በየወሩ መታጠብ አለባቸው። በጣም የወደድኩት የማጥፊያውን ቅደም ተከተል ነው። ባትሪው ሲያንስ መጀመሪያ የቢሮ መሰኪያዎች ይጠፋሉ። ቀጥሎ ማራገቢያ። ቀጥሎ የመሣሪያ ክፍል ኤሲ። ፍሪዘሮቹና ናሙና ክፍሉ መጨረሻ ናቸው። ሰው ላፕቶፑ ሲዘጋበት ይነጫነጫል፤ ግን ሰው ነገ ይሠራል። ጀነሬተሩም ለክፉ ቀን አለ፤ ከነፋሱ አቅጣጫ በታች ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጫካው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ማማ ስላለን ጭሱ ወደዚያ ከሄደ የሚለካው የእኛን ጀነሬተር ይሆናል።

እንዲህ ያለ ቤት ራሱ የሙከራው አካል መሆኑን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ የውጪው መብራት መጀመሪያ ነጭ ነበር። የእሳት እራት የሚያጠና ባልደረባዬ ወጥመዶቹ እየሳሱ መሄዳቸውን አስተዋለ። እራቶቹ ወደ እኛ ደረጃ ይመጡ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወፎች ደረጃው ላይ ተሰልፈው ሲለቅሟቸው እናይ ነበር። ነፍሳት በብዛት የሚሳቡት ወደ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። አምፖሎቹ በቢጫ ተቀየሩ፣ ወደ ታች ብቻ እንዲያበሩ ተሸፈኑ፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበሩ ተደረጉ። ለውጡ በሳምንት ውስጥ ታየ። አንድ ትልቅ መስታወት ደግሞ የጫካውን ምስል ስለሚያንጸባርቅ ወፎች ይጋጩበት ነበር። በስድስት ወር 11 ቆጥሬያለሁ፣ እያንዳንዷን በእጄ አንሥቻለሁ። በመጨረሻ ከውጪ በኩል በአምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጥብ ተለጠፈበት። ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ። ከመጀመሪያውኑ ነጥብ ያለበት መስታወት ማስገባት ይቻል ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን የቦቲ ጫማው ቦታ ነው። 30 ሰው ከጫካ ይመለሳል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም በጭቃ። ለጫማ ማጠቢያ የተሰጠው ቦታ ለአራት ሰው የሚሆን ነው። ያውም ከቢሮው ክንፍ ጀርባ፣ ሰው ከሚመጣበት መንገድ በተቃራኒ። እና ምን ሆነ? ሰው ጭቃውን እንደያዘ መተላለፊያውን ያቋርጣል። ይህ የወለል መቆሸሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋይቶፍቶራን የመሰሉ ሥር አበስባሾች ከአንድ ጫካ ወደ ሌላ የሚጓዙት በጫማ ጭቃ ነው። ጫማ ማጠቢያው ወደ ጫካ የሚወስደው መንገድ አፍ ላይ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ከላዩ ጣሪያ፣ ከጎኑ አግዳሚ ወንበርና እርጥብ ልብስ መስቀያ ኖሮት መሠራት ነበረበት። ፕላን የሚሠራ ሰው ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ቢወስድ ደስ ይለኛል።

አምስተኛዋን ኮከብ ያስቀረው ግን ሌላ ነው። እርጥበት መጣጩ ማሽን አንድ ብቻ ነበር። በሰባተኛ ወሬ ላይ ተበላሸ። የጥገናው ሠራተኛ ከፍተው አዩትና ክዳኑን መልሰው ዘጉ። «ልጄ፣ እኔ በመፍቻ የማልደርስበት ዕቃ ለእኔ የለም ማለት ነው» አሉኝ። ውስጡ የታሸገ ሰርኪት ነበር። መለዋወጫው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በሩን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲከፈት አደረግን። በየካቢኔቱ ሲሊካ ጄል በጨርቅ ከረጢት አስቀመጥን። እርጥበት ሲጠግብ ከብርቱካናማ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይቀየራል፤ ያኔ 120 ዲግሪ ላይ አድርቀን እንመልሰዋለን። ተራ ገብተን ሌሊት ሌሊት ሠራን። እሳቸው ተራቸው ባልሆነበት ቀን እንኳ ይመጡ ነበር። ቁጥሩ አንድ ቀን 66 ደረሰ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንድም ናሙና አልሻገተም፤ ያዳነን የግድግዳው ጥንካሬ ነው። ግን እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ክፍል በአንድ ማሽን ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። ሁለት አነስ ያሉ፣ እዚያው ያለ ሠራተኛ ፈትቶ የሚገጥማቸው ማሽኖች መሆን ነበረባቸው።

ይህን ጽፌ ለሕንፃው ኮሚቴ ሰጠሁ። ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ሁለተኛው ማሽን መጣ። ቀላል ዓይነት ነው፣ በአራት ብሎን የሚከፈት። የጥገናው ሠራተኛ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሳይሰኩት ሙሉ በሙሉ ፈትተው እንደገና መግጠም ነበር። የጫማ ማጠቢያው ቦታ ላይም አራት ችካል ተተክሎ ገመድ ተዘርግቶበታል፤ ሥራው ግን አልተጀመረም።

እርጥበት መለኪያዬን ለእሳቸው ትቼላቸው መጣሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ቁጥሯን በስልክ ይልኩልኛል። ያለፈው ዓርብ 49 ነበረች።